ምስክር ያስቆጠሩኝ መምህር

ጋሽ መርዳሳን ብዙ ዓመት ጠልቻቸዋለሁ። ዝም ብሎ ያለመውደድ አይደለም፤ ስማቸው ሲነሳ ጥርሴን ነክሼ፣ ሰው ሲያመሰግናቸው ወሬ አስለውጬ፣ ቂም የሚባለውን ሁሉ ለእሳቸው አጠራቅሜ ነው የጠላኋቸው። ምክንያቴ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ሕዝብ በተሰበሰበበት የቀበሌ አዳራሽ፣ በገዛ መምህሬ፣ ዐረፍተ ነገሬን ተሰረቅሁ።

ዓመቱ 1970፣ ከተማው ናዝሬት ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል። ጋሽ መርዳሳ ፈይሳ ታሪክ ያስተምሩን ነበር። ኩየራ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ቀጭን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ተቆጥተው አያውቁም፤ ሲናገሩ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ድርሰት ያስተማሩን በሙግት ነው። «የጥንት ሰው ችሎት ፊት ሲቆም ‘በላ ልበልሃ’ ብሎ ይነሳል» አሉን አንድ ቀን፣ ጠመኔውን በጣታቸው እያገላበጡ። «አያንዛዛም። ነገሩን በአንድ አፍ ይናገራል። ቀጥሎ ምስክር ይቆጥራል፤ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ በዚህ ቀን፣ እዚህ ቦታ ያየ። የታሪክ ድርሰት መግቢያም ይኸው ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ ምስክር።»

ከዚያ ከመካከላችን አንዱን ያስነሱና ዐረፍተ ነገሩን ያናግሩታል። ሌላው ተነስቶ «አይደለም!» ሊልበት ካልቻለ ዐረፍተ ነገሩ ወደቀ። እኔ በመጀመሪያው ቀን «ናዝሬት የሸዋ ከተማ ናት» ብዬ ተነሳሁ። የተነሳብኝ የለም።

«ማን ይከራከርሻል?» አሉኝ። «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደ ማለት እኮ ነው። እስቲ ‘ናዝሬትን ናዝሬት ያደረጋት ባቡሩ ነው’ በይ።»

አልኩ። አፌን ሳልዘጋ ሳሊህ ከኋላ ወንበር ዘሎ ተነሳ። አባቱ ባለጋሪ ነው። «አይደለም! ባቡሩማ መጥቶ ይሄዳል። የወረደውን ሰውና ዕቃ ማን አደረሰው? ጋሪ ነው!» ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ተጯጯህን። ጋሽ መርዳሳ ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፈው ፈገግ እያሉ ያዩን ነበር። «አሁን ታሪክ መጻፍ ትችላላችሁ» አሉን።

ምስክር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። «ይባላል» ብሎ የጻፈ ዜሮ ነው። «ሰዎች እንደሚሉት» ያለም ዜሮ። «ማን አለ? ስም የለውም? እናት አልወለደችውም?» እያሉ በቀይ ያሰምሩበታል። እኔ ይህን ትምህርት እንደ ሃይማኖት ያዝኩት። የሆነው ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው።

ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ መተሐራ ስለሚሠራ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። እናቴ አሳየች ልብስ ሰፊ ናት፤ ፊት ለፊት ባለው ክፍል የስፌት መኪናዋና ደንበኞቿ፣ ጓዳው ውስጥ ደግሞ ወንድሟ ሰንበታ። በኦሮሞኛ የእናት ወንድም ኤሱማ ይባላል፤ እኔም ኤሱማ እለው ነበር። የመጣው ኅዳር ላይ ነው፤ አንድ ጠዋት ስነሳ ጓዳው በውጭ በኩል ተቀርቅሮ አገኘሁት። እናቴ ሁለቱንም ትከሻዬን ይዛ፣ «ኤሱማ ሳንባውን ታሟል፤ የሚተላለፍ ነው። ሰው ከሰማ አንቺን ከትምህርት ቤት ያባርሩሻል፣ የኔም ደንበኛ ይሸሻል። ገባሽ?» አለችኝ። ገባኝ። የራሱ ሳህን፣ የራሱ ኩባያ ተለየለት። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበሩ ስንጥቅ ራቅ ብዬ ተቀምጬ አወራዋለሁ።

አሁን ሳስበው ኤሱማ አንድ ቀን እንኳ ሲያስል አልሰማሁም። ሰንበታ አዳሚ ቱሉ አጠገብ ካለች መንደሩ ለሚሊሺያ ተመልምሎ፣ ሠልጥኖ፣ ከሐረር ግንባር የከዳ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት የከዳ ሰው ከተያዘ እሱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ያስጠጋውም አብሮ ነው። እናቴ ሕይወቱን የደበቀችው ከመንግሥት፣ ምክንያቱን የደበቀችው ከእኔ ነው።

ምስጢር መያዝ ደግሞ እችልበት ነበር። እናቴ ለአብዮት ጥበቃዎች የካኪ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ቀን ከሰዓት አንዱ ጥበቃ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ኮቱን ሲለካ ጓዳ ውስጥ ሳህን ወደቀ። የቆርቆሮ ሳህን ሲሚንቶ ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ አልቆም አለ። ሰውዬው አንገቱን አዞረ። እናቴ በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ እንኳ አላወጣችም። ድመት የለንም፤ እኔ ግን ብድግ ብዬ «ይቺ ድመት ዛሬስ አትተርፍም!» እያልኩ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ጥበቃው ሳቀ። እሱ ከሄደ በኋላ እናቴ በሩን ቀርቅራ ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ተቀመጠች። ለሳንባ በሽታ ይህን ያህል መደንገጧ ገርሞኝ ነበር።

በጥር መጨረሻ ቀበሌው የየካቲት 25ን በዓል ምክንያት አድርጎ የተማሪዎች የድርሰት ውድድር አወጣ። ርዕሱ «የመሬት አዋጁ በአካባቢያችን» ነበር። አንደኛ የወጣ አዳራሽ ገብቶ ለሕዝብ ያነባል። ለማሸነፍ ቆረጥኩ። ምስክር ፍለጋም ሩቅ አልሄድኩም።

«ኤሱማ፣ መሬት የተሰጣችሁ ቀን ምን አላችሁ?» አልኩት በስንጥቁ።

«ጨፈርን» አለ። «አባቴ መሬቱን በእርምጃው ለካው። ለክቶ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ለካው። ‘ይበቃል ተው’ ብንለው ‘ነገም እለካዋለሁ’ አለን። በዚያ ዓመት በቆሎው ሰው ዋጠ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠሩን። ሰላሳ አንድ ሆነን ሄድን።»

«ስንት ሆናችሁ ተመለሳችሁ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሂጂ እናትሽን አግዢ» አለኝ። ስነሳ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላውን እንጃ። ያየሁት ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ» አለ።

እናቴን እያገዝኩ፣ ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ ዐረፍተ ነገሬ መጣልኝ። ማንም አልነገረኝም፤ የራሴ ነው። «መሬት ለአራሹ ተሰጠ፤ አራሹ ግን ለጦር ሜዳ ተሰጠ።» አፌ ላይ ደጋግሜ አልኩት። ሳሊህ ዘሎ ተነስቶ «አይደለም!» ሲል ታየኝ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከሥሩ ምስክሬን ቆጠርኩ፤ «ለዚህም ምስክሬ አጎቴ ሰንበታ ቡልቶ ሲሆን፣ ከአዳሚ ቱሉ አካባቢ ከሄዱት ከሰላሳ አንዱ ሰዎች አንዱ ሆኖ በኅዳር ወር ተመልሶ ናዝሬት በእኛ ቤት ይገኛል።» ስም፣ ቀን፣ ቦታ። ስለ በሽታው አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ለእናቴ የገባሁትን ቃል ጠብቄያለሁ።

ጋሽ መርዳሳ ደብተሬን የተቀበሉኝ በእረፍት ሰዓት፣ ልጆቹ ወጥተው ሲያልቁ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ሲያነቡ ቅንድባቸው ከፍ አለ፤ እንደወደዱት አወቅሁ። ሁለተኛውን ሲያነቡ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሄደው በሩን ዘጉ።

«ይህን ማን አየው?»

«ማንም።»

«ሳሊህስ? እናትሽስ?»

«ማንም አላየውም፣ ጋሼ።»

«ይህ ሰው እውነት እናንተ ቤት ነው?»

«ምስክር በስሙ ይቆጠር ያሉት እርስዎ አይደሉ?» አልኩ፤ ትንሽ ተቀይሜ።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ገጹን ከደብተሬ ላይ ቀስ ብለው፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቀው ቀደዱት፤ መልሰው ደቃቅ አድርገው ቀዳደው ኪሳቸው ከተቱት። «ጻፊ» አሉኝ። «የየካቲት 25 አዋጅ ለጭቁኑ ገበሬ ብሩህ ዘመን ከፍቷል።»

«ጋሼ፣ ይህን እኮ ‘አይደለም’ የሚል ሰው የለም።»

«የለም» አሉ። «ለዚያ ነው።»

«ምስክሩስ?»

«ምስክር አያስፈልገውም። ቡዜ፣ ስሚኝ። ያን ዐረፍተ ነገር ለማንም እንዳትናገሪ። ለማንም!»

እንባዬ ግጥም አለ። ሦስት ወር ሙሉ ያስተማሩኝን በአንድ እረፍት አፈረሱብኝ። እሳቸው ሊያገኙት ያልቻሉትን ዐረፍተ ነገር ስላገኘሁ ቀንተውብኝ ነው ብዬ አመንኩ።

በማግስቱ ሱሪ ይዘው ቤታችን መጡ። ሱሪው ምንም አልሆነም ነበር። እናቴ ክር ግዢ ብላ ላከችኝ፤ እኔ ግን ከአጥሩ ጥግ ተለጥፌ ቀረሁ። በኦሮሞኛ፣ በሹክሹክታ ነው የሚነጋገሩት፤ የእኔ ኦሮሞኛ ደግሞ የገበያ ነው። ጋሪ፣ ቅዳሜ፣ አዳራሽ የሚል ብቻ ያዝኩ። ከዚያ እናቴ ስታለቅስ ሰማሁ። ስሜን አጥፍተውብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከሄዱ በኋላ እናቴ አገጬን ይዛ፣ «መምህርሽ ያጻፉሽን ብቻ ታነቢያለሽ። አንድ ቃል ብትጨምሪ ልጄ አይደለሽም። ዝም አይነቅዝም» አለችኝ።

የተነጋገሩትን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። በበዓሉ ቀን የቀበሌው ሰው ሁሉ፣ ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ፣ አዳራሽ ይገባል፤ መንገዱ ባዶ ይሆናል። በዚያ ሰዓት የሳሊህ አባት ጋሪውን ጓሮ አስጠግቶ ኤሱማን ከጭድ ሥር ይዞት ይወጣል። እናቴ ስሟ ስለሚጠራ ከስብሰባው መቅረት አትችልም። ስብሰባው አንድ ሰዓት ከቆየ ጋሪው ከከተማ ይወጣል። ይህን የዘየዱት ጋሽ መርዳሳ ናቸው። ድርሰቴን አንደኛ ያስወጡትም እሳቸው ይመስሉኛል፤ የእኛ ቤት ሰው ሁሉ አዳራሽ መሆኑን ማንም እንዳይጠራጠር።

የካቲት 25 ቅዳሜ ዋለ። ጋሽ መርዳሳ ቅዳሜን እንደ ሰንበት የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። አዳራሹ በቆርቆሮው ሙቀት ይነድዳል። ድምፅ ማጉያው ስለ ምሥራቅ ጦር ግንባር ያወራል። በበሩ ግራና ቀኝ የቆሙት ጥበቃዎች የለበሱትን የካኪ ልብስ አውቀዋለሁ፤ ቁልፉን የተከልኩት እኔ ነኝ። ስም ተጠራ። እናቴ «አቤት» ስትል ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ በሩን፣ ከበሩ ደግሞ እኔን ታያለች። ስለ እኔ የተጨነቀች መስሎኝ ፈገግ አልኩላት።

«ተማሪ ቡዜ ደገፋ!» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጉተማ።

መድረኩ ላይ ወጣሁ። ወረቀቱን አየሁት። «የየካቲት 25 አዋጅ ለጭቁኑ ገበሬ...» የሞተ ነገር ነው። ማንም አይነሳበትም፤ እየተንጠራሩ ሰምተው አጨብጭበው ይሄዳሉ። ሳሊህ ከኋላ ቆሟል። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ «አይደለም!» ቢለኝ ብዬ ተመኘሁ። ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት።

«መሬት ለአራሹ ተሰጠ፤ አራሹ ግን ለጦር ሜዳ ተሰጠ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

የሚያራግብ እጅ ሁሉ ቆመ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት ሳታስበው «እህህ» አለች። የጓድ ጉተማ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ዐረፍተ ነገሬ እንደሠራ አወቅሁ፤ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

«ለዚህም ምስክሬ...»

«አቁሚ!»

ጋሽ መርዳሳ ናቸው። ወንበራቸው ወደ ኋላ ወደቀ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

«የእኔን ነው የምታነበው!» አሉ። «ከደብተሬ ገልብጣ ነው። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ደሜ ፈላ። «ውሸት ነው! የራሴ ነው! እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

እናቴ መድረኩ ላይ ስትወጣ አላየሁም፤ ጥፊዋ ነው የደረሰኝ። «ሌባ!» አለችኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «የመምህር ደብተር መስረቅ ማን አስተማረሽ?» በሕይወቴ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ጥፊ እሱ ነው።

ጓድ ጉተማ ወረቀቱን ከእጄ ቀማኝ። አነበበው። ደግሞ አነበበው። «እዚህ የተጻፈው ጥሩ ነው» አለ። «ያሁኑን ከየት አመጣችው?»

«ከእኔ አልኩ እኮ» አሉ ጋሽ መርዳሳ።

«ምስክሬ ያለችውስ ማን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። የእናቴ ጣቶች ክንዴ ውስጥ ገቡ።

«ምስክሩም እኔ ነኝ። መርዳሳ ፈይሳ። ዛሬ፣ እዚህ አዳራሽ» አሉ።

አንደኛው ጥበቃ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ የልጅቷን ቤት እንፈትሽ?» አለ። ቤታችን ከአዳራሹ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

ጋሽ መርዳሳ ሳቁ። አዎ፣ ሳቁ። «የሕፃን ልጅ ቤት ምን ሊገኝ? ወረቀቱ ያለው እኔ ቤት ነው፤ ከሐዲዱ ማዶ። ብዙ ነው፣ ሰው ይብዛና እንሂድ፤ አሳያችኋለሁ።»

አራት ጥበቃ ከበባቸው። ሌሎቹ «ማንም እንዳይወጣ» ተብለው በሩን ያዙ። ጋሽ መርዳሳ በአጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብለው አዩኝ፤ አንድ ነገር ሊሉኝ የፈለጉ መሰለኝ። ፊቴን አዞርኩባቸው። እሰይ አልኩ በሆዴ፤ ለሌባ ሲያንሰው ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ይህን ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከቀትር በኋላ ሲለቁን ቤታችን ገባን። የጓዳው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ብርድ ልብሱ ታጥፏል፣ ሳህኑ ታጥቧል። «ሻሸመኔ ሆስፒታል ወሰዱት» አለች እናቴ። ሳልሰናበተው በመሄዱ አለቀስኩ። እሷ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ሳታስገባ ፔዳሉን ትረግጥ ጀመር። ብዙ ረገጠች።

ጋሽ መርዳሳ ቤት የተገኘው የተማሪ ደብተርና አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነው አሉ። ወረቀቱን የት እንደደበቁት እስኪናገሩ ተብሎ ታሰሩ። ሚያዝያ ላይ ስንቅ ላመላለሰችላቸው ዘመዳቸው «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ ከእኔ በቀር። ትምህርት ቤታችን አዲስ መምህር መጣልን፤ ማስታወሻ እያነበበ ያስገለብጠናል። ደረቴን ነፍቼ ገለበጥኩ።

ማደጌ አልቀረም። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ሲሞላኝ ነገሩ ይሸተኝ ጀመር፤ ግን እናቴን አልጠየቅሁም። መጥላት ይቀለኝ ነበር። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ኤሱማ ከመተሐራ መጣ፤ በሌላ ሰው ስም አገዳ ሲቆርጥ ነው የኖረው። ያኔ እናቴ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። አላጽናናችኝም፣ አልወቀሰችኝም። «በይ አሁን ነጠላሽን ልበሺ» ብቻ አለችኝ።

በዚያ ክረምት፣ ማልቀስ ተከልክለው የኖሩ ቤቶች ድንኳን ተከሉ። የጋሽ መርዳሳ አባት ኦቦ ፈይሳም ኩየራ አጠገብ፣ ደጃቸው ላይ፣ ከባለቤታቸው ጋር፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ለልጃቸው ልቅሶ ተቀመጡ። እኔና ኤሱማ በአውቶቡስ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ የሚያውቀን ሰው አልነበረም። ኦቦ ፈይሳ በከዘራቸው ተደግፈው፣ «የመርዳሳ ምኑ ናችሁ?» አሉን።

ኤሱማ ባርኔጣውን አወለቀ። «አላውቃቸውም፣ አባቴ» አላቸው በኦሮሞኛ። «በዐይኔም አይቻቸው አላውቅ። በእኔ ፋንታ ነው የሞቱት።»

ሽማግሌው ብዙ አዩት፤ ፊቱን፣ አገዳ የቆራረጠውን እጁን። «ልጆች አሉህ?» አሉት።

«አራት።»

ስማቸውን አንድ በአንድ አስጠሩት። እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ልጄ?»

ተማሪያቸው ነኝ ብዬ ልገላገል እችል ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዐረፍተ ነገሩን፣ ወረቀቱን ዝቅ ማድረጌን፣ «ውሸት ነው» ብዬ መጮኼን። ሲወስዷቸው ደስ ብሎኝ እንደነበርም ነገርኳቸው።

ኦቦ ፈይሳ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት።»

«እሱ ሃያ ሰባት ነበር» አሉ።

ከዚያ በአግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው፣ በእሳቸውና በልጃቸው እናት መካከል ቦታ ለቀቁልኝ።